መዛግብት ከግቢ ሲወጡ፦ ስለ ዜሮ ትረስት የመረጃ ጥበቃ ሥርዓት

የአጥቢያዎቻችንና የልማት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቻችን መዛግብት ለብዙ ዘመን የተጠበቁት በግቢ ነው። መዝገቡ በቁም ሣጥን፣ ቁም ሣጥኑ በዕቃ ቤት፣ ዕቃ ቤቱም በአጥርና በዘበኛ ይጠበቅ ነበር። ኮምፒዩተር ከገባ በኋላም አሳቡ ብዙ አልተለወጠም። ሰርቨሩ በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ በኔትወርኩ መግቢያ ላይ ፋየርዎል ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይታመናል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠረጠራል። ዛሬ ግን የምእመናን መዝገብ፣ የሕንፃ ሥራ ሒሳብና የተረጂ ቤተሰቦች ዝርዝር ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት ወደምንጠቀምባቸው የሌላ ድርጅት ኮምፒዩተሮች፣ በመዛወር ላይ ናቸው። ጸሓፊው ከቢሮ፣ ሒሳብ ሹሙ ከእጅ ስልኩ፣ ኦዲተሩም ከሌላ ከተማ ሆኖ ያንኑ መዝገብ ይከፍታል። ታዲያ አጥሩ የት ላይ ነው? «የውስጥ ሰው» የሚባለውስ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ታላላቅ ድርጅቶችንም አስጨንቋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ጎግል ከቻይና የተነሣ ጥቃት ወደ ኔትወርኩ ዘልቆ እንደ ገባ በይፋ ገለጸ። በዚያው ዓመት ጆን ኪንደርቫግ የተባለ የፎሬስተር የጥናት ድርጅት ባለሙያ፣ ኔትወርክን «የሚታመን ውስጥ» እና «የማይታመን ውጭ» ብሎ መክፈል ስሕተት መሆኑን ጽፎ አሳቡን «ዜሮ ትረስት» በሚል ስም አስታወቀ። ጎግልም የሠራተኞቹን አሠራር ከመሠረቱ ለውጦ፣ ቢዮንድኮርፕ ብሎ የሰየመውን ሥርዓት ከ2014 ጀምሮ በጽሑፍ አሳተመ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በኦገስት 2020 ባወጣው ቁጥር 800-207 ሰነድ ሥርዓቱን በዝርዝር ደንግጎታል።

ስሙ በእኛ ዘንድ ቅር የሚያሰኝ መሆኑን አንክድም። ቃል በቃል ቢተረጎም «አመኔታ አልቦ» እንደ ማለት ነውና፣ ለዘመናት በመተማመን ለኖረ ጉባኤ ስድብ ይመስላል። ነገር ግን የሙዳየ ምጽዋትን አከፋፈት እናስብ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን፣ ቆጠራው በብዙዎች ፊት እንዲፈጸምና ውጤቱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር የሚደረገው ገንዘብ ያዡ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። ቅን ሰው ያለ ምስክር እንዳይቀርና እንዳይታማ ነው። ዜሮ ትረስትም አመኔታን የሚነሣው ከሰው ሳይሆን ከስፍራና ከመስመር ነው። አንድ ኮምፒዩተር ከጽሕፈት ቤቱ ዋይፋይ ጋር ስለ ተገናኘ ብቻ «የቤት ልጅ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

አሠራሩ ይህ ነው። ሰው አንድ መዝገብ ለመክፈት በጠየቀ ቁጥር ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ፦ ጠያቂው በእውነት እርሱ ነውን? የያዘው መሣሪያ የታወቀና የታደሰ ነውን? ለዚህ ሥራ ይህን መዝገብ ማየት ያስፈልገዋልን? ጠዋት አንድ ጊዜ ስለ ገባ ቀኑን ሙሉ ሁሉም በር ክፍት አይሆንለትም። የውኃ ፕሮጀክቱ ሠራተኛ የጉድጓዱን ሒሳብ ያያል፤ የወላጅ አልባ ሕፃናቱን ስም ግን አያይም፤ ሥራው አይደለምና። በዚህ መልክ መዝገቦቹ ተለያይተው ከተቀመጡ፣ አንድ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ እንኳ ሌባው አንድ ክፍል እንጂ ቤቱን ሁሉ አይወርስም።

አንድ የተረሳ በር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኮሎኒያል ፓይፕላይን ያሳያል። ይህ ድርጅት ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከሚቀርበው ነዳጅ 45 በመቶ ያህሉን በቧንቧ የሚያደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ወንበዴዎች ኮምፒዩተሮቹን ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ፤ ድርጅቱም መስመሩን ለቀናት ለመዝጋት ተገደደ፤ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህልም ከፈለ። ወንበዴዎቹ የገቡት ከሩቅ ሆኖ ለመሥራት በሚያገለግል የቪፒኤን አካውንት ነበር። አካውንቱ በሥራ ላይ አልነበረም፤ ግን አልተዘጋም፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ማረጋገጫም አይጠይቅም ነበር።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። የሰበካ ጉባኤ የሥራ ዘመን ሲያበቃ ማኅተሙ፣ ቁልፉ፣ የቼክ ደብተሩና ንዋያተ ቅድሳቱ ተቆጥረው በፊርማ ይረከባሉ። የኢሜይሉና የክላውድ አካውንቱ ግን በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚገኘው ስንት ቦታ ነው? የቀድሞው ጸሓፊ ስልክ ላይ ያለው አካውንት ሳይዘጋ ይቀራል፤ ወይም አምስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል ይጠቀሙና መዝገቡን የለወጠው ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ይሆናል። በእኛ እምነት ከማናቸውም ውድ መሣሪያ በፊት መታረም ያለበት ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት ይሰጠው፤ በርክክቡም ዕለት ይዘጋ።

ክላውድ ራሱ ይጠብቀናል የሚል አስተያየትም እንሰማለን። ግማሽ እውነት ነው። አቅራቢው ሕንፃውን፣ ማሽኑንና መብራቱን ይጠብቃል፤ ማን ምን እንዲያይ መወሰን ግን የደንበኛው ድርሻ ነው። ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ በ2019 ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያን መረጃ የተወሰደበት ክላውዱ ስለ ፈረሰ አይደለም። ባንኩ ፋየርዎሉን በትክክል ስላላዋቀረውና ከሚገባው በላይ ፈቃድ ስለ ሰጠው ነው።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ መብራትና ኔትወርክ ይቋረጣሉ። በየጊዜው የሚያረጋግጥ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ባለቤቱን ራሱን ከቤት ውጭ ሊያሳድር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ማረጋገጫ በአጭር መልእክት ከሚመጣ ይልቅ በስልክ ላይ በተጫነ መተግበሪያ የሚወጣ ኮድ ቢሆን ይሻላል፤ ስልኩ ያለ ኔትወርክም ኮዱን ያወጣልና፣ መልእክቱንም የሚጠልፍ የለም። አስፈላጊ መዛግብትም በምስጢር ተቆልፈው በጽሕፈት ቤቱ ቅጂ ይኑራቸው። ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ የአስተዳዳሪ አካውንት የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ተደርጎ በካዝና ይቀመጥ፤ ፖስታው የሚከፈተውም በቃለ ጉባኤ ይሁን።

ጉዳዩ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሃይማኖትና የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው ወገን ይቆጥራል። የአጥቢያ የምእመናን መዝገብ በባሕርይው ከዚህ ውስጥ የሚገባ ነው። የተረጂዎች ዝርዝርማ ከዚህም ይብሳል፤ በችግሯ ቀን ስሟን፣ ሕመሟንና የልጆቿን ቁጥር የነገረችን እናት፣ ያን ለጎረቤቷም አልነገረችም ይሆናል።

በመዛወር ላይ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሁሉን ለመለወጥ ባይጣደፉ እንመክራለን። አስቀድሞ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ይሰመር፦ ያሉን መዛግብት፣ ዛሬ የሚያዩአቸው ሰዎች፣ ማየት የሚገባቸው ሰዎች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ በብዙ ቦታ አይገጥሙም። ልዩነቱ ከመዛወሩ በፊት ይታረም፤ የማያስፈልገው አሮጌ ዝርዝርም እንደ ደንቡ ይወገድ እንጂ ተጭኖ ወደ ክላውድ አይሂድ።