ከሐኪም እጅ ስለ ተቀበልነው የሕማም ማስታገሻ

አንባቢ ሆይ፤ ወገቡን የታመመ ጎረቤትህ ሌሊቱን ሲቃትት ብትሰማ፥ በሣጥንህም ሐኪም ለአንተ ካዘዘልህ ብርቱ የሕማም ማስታገሻ ጥቂት እንክብል ተርፎ ቢገኝ፥ ምን ታደርጋለህ? ርኅራኄህ «ስጠው» ይልሃል። እኛ ግን አስቀድመህ በአሜሪካ አገር የሆነውን እንድታስተውል እንለምንሃለን።

በዚያ አገር በ1996 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ፐርዱ ፋርማ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን እንክብል ለገበያ አወጣ። በውስጡ ያለው ኦክሲኮዶን የኦፒየም ወገን ነው። ለካንሰር ሕማምና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣው ሥቃይ እንዲህ ያለው መድኃኒት በእውነት ይጠቅማል፤ ይህን የሚክድ ሰው ከሚጨነቅ ሕመምተኛ አጠገብ አድሮ አያውቅም። ነገር ግን የኩባንያው ሻጮች ወደ ሐኪሞች እየሄዱ፥ እንክብሉ ኃይሉን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ሱስ የማስያዝ ጠባዩ ከሌሎቹ ያነሰ ነው አሉ። ብዙ ሐኪሞችም አምነው ለቈየ የወገብ ሕመም ሳይቀር አዘዙት። በ2007 የፐርዱ እኅት ኩባንያ መድኃኒቱን በሚያሳስት ቃል በመሸጡ በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ በ2020 ደግሞ ፐርዱ ራሱ በሌላ ክስ ጥፋተኛነቱን አመነ። በዚህ መካከል መቃብሩ በዛ። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ከመጠን በላይ ተወስደው ምክንያት የሆኑበት ሞት በ1999 3,442 ነበረ፤ በ2017 ግን ከ17,000 አለፈ።

ሞቱ የሚመጣው በጸጥታ ነው። መድኃኒቱ ሕማምን እንደሚያደነዝዝ፥ አንጎል ለትንፋሽ የሚሰጠውንም ትእዛዝ ያደክማል። ሰውነት ሲለምደው የቀድሞው መጠን አይበቃውም፤ ሕመምተኛው ይጨምራል። ጥቂት ጊዜ ቢተወው ደግሞ ልማዱ ይጠፋል፤ ወደ ቀድሞው መጠን ሲመለስ፥ ትናንት የተሸከመው ዛሬ ይገድለዋል። በአረቄ ወይም በእንቅልፍ መድኃኒት ላይ የተወሰደ እንደ ሆነ አደጋው እጅግ የበረታ ነው።

እንግዲህ ወደ ጎረቤትህ እንመለስ። ለአንተ የተመዘነው ለእርሱ አልተመዘነም፤ ማታ አረቄ ጠጥቶ እንደ ሆነ አታውቅም፤ ሳንባው ደካማ እንደ ሆነም አታውቅም። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ያለ አግባብ ከሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ያገኙት ከክፉ ነጋዴ ሳይሆን ከወዳጅ ወይም ከዘመድ እንደ ሆነ ተመርምሮ ታውቋል። ስለዚህ የተረፈህን ወደ መድኃኒት ቤት መልስ፤ ለጎረቤትህም እንክብሉን ሳይሆን ጉልበትህን ስጠው፥ ደግፈህ ወደ ሐኪም ውሰደው።

አንተ ራስህ በሐኪም ትእዛዝ የምትወስድ ብትሆንና ያለ እርሱ ማደር ቢያቅትህ፥ አፍረህ አትሸሽግ። ከሰውነት ልማድ የመጣ ነውና በድንገትም አታቋርጥ፤ ለሐኪሙ እውነቱን ንገረው፥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስልሃል። የቤተ ሰቡም ፍርድ ለስለስ ይበል፤ ሱሰኛ ተብሎ የተሰደበ ሰው ተደብቆ ይወስዳል፥ ተደብቆ የወሰደውንም ማንም ደርሶ አያነሣውም።

ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ሲያንኰራፋ ብትሰማና ብትነቀንቀው ባይነቃ፥ ትንፋሹ ቢዘገይ፥ ከንፈሩም ቢጠቍር፥ «ደክሞት ነው፥ ይተኛ» አትበል። በጎኑ አስተኛው፤ ሐኪም ይጠራ። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ በአፍንጫ የሚነፋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ነገር ግን የማርከሻው ኃይል ከመድኃኒቱ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላልና፥ ሰውዬው ዓይኑን ቢገልጥም ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስ ከአጠገቡ አትነሣ።