ተመልሶ የሚመጣ ውኃና የማይመለስ ውኃ

በበረሃ ላይ የተቆረቆረ ከተማ በፍጥነት ሲያድግ ውኃውን ከየት ያገኛል? ያ ውኃ ሲያንስበትስ ምን ያደርጋል? በዚህ ትምህርታችን ጥያቄውን በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት በምትገኘው በላስ ቬጋስ ከተማ ምሳሌነት እንመለከታለን። ይህችን ከተማ የመረጥነው ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩባት ብቻ ሳይሆን፣ የውኃ ብክነት ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ስለምታሳየን ጭምር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ምንጯ የደረቀ ከተማ

«ላስ ቬጋስ» በስፓኝ ቋንቋ «መስኮቹ» ማለት ነው። ይህ ስም የተሰጣት በበረሃው መካከል ይፈልቅ ከነበረው ምንጭና በዙሪያው ይበቅል ከነበረው ሣር የተነሣ ነው። በ1920 የሕዝቧ ቁጥር 2,304 ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን በከተማዋና በአካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይኖራሉ። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ያለ ልክ በመሳቡ ያ ጥንታዊ ምንጭ በ1962 መፍለቁን አቆመ። ዛሬ ከተማዋ ከምትጠቀምበት ውኃ 90 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው።

2. ከወንዙ የበለጠ ክፍፍል

ኮሎራዶ ከሮኪ ተራሮች ተነሥቶ በሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና በሜክሲኮ ለሚኖሩ 40 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ውኃ ይሰጣል። ሰባቱ ግዛቶች ወንዙን ለመከፋፈል የተስማሙት በ1922 ነበር። ይሁን እንጂ ስሌታቸው የተመሠረተው ውኃው ከወትሮው በበዛባቸው ዓመታት ላይ ነው። በ1944 በተደረገው ውል ለሜክሲኮ የተመደበው ሲጨመርበት፣ በወረቀት ላይ የተከፋፈለው ውኃ በዓመት ከ20 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሆነ። ከ2000 ወዲህ ግን ወንዙ በአማካይ የሰጠው 15 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው።

ታዲያ ጉድለቱ በምን ተሸፈነ? ቀደም ሲል ከተጠራቀመው በመውሰድ ነው። በሁቨር ግድብ የተገታው የሚድ ሐይቅ በሐምሌ ወር 2022 ዝቅ ያለው፣ በ1937 ገና እየሞላ ሳለ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ታይቶ በማያውቅ መጠን ነው። ውኃው የሸሸበት ስፍራ በገደሉ ላይ እንደ ነጭ መቀነት ሆኖ በሩቁ ይታያል።

የዚህ ሁሉ ዕዳ በእኩል አልተከፈለም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በ1922ቱ ድርድር ላይ አልተጠሩም። ወንዙም ዛሬ ከባሕር የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ በሜክሲኮ በወንዙ መድረሻ ዓሣ እያጠመደ ይኖር የነበረው የኩካፓ ሕዝብ ኑሮው ተናግቷል። ከላይ ያለው ሲያበዛ፣ ከታች ያለው ይጠማል።

3. ብክነቱ የት ነው?

ብዙ ሰው ብክነቱ በትልልቆቹ ሆቴሎች መታጠቢያ ቤት ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በቤት ውስጥ የፈሰሰ ውኃ በቧንቧ ተሰብስቦ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ከተጣራም በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከተማዋም በመለሰችው ልክ ከሐይቁ እንደገና መቅዳት ትችላለች። በሣር ላይ የተረጨውና በማቀዝቀዣ መሣሪያ የተነነው ውኃ ግን አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስም።

ይህ በመታወቁ፣ ሣሩን ነቅሎ የበረሃ ተክል ለሚተክል ባለ ይዞታ ገንዘብ መክፈል ተጀመረ። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግም በመንገድ ዳርና በንግድ ቤቶች ደጅ የተተከለ፣ ማንም የማይጫወትበትና የማያርፍበት የጌጥ ሣር ከ2026 ማብቂያ በኋላ በወንዙ ውኃ እንዳይጠጣ ይከለክላል። የተጠማ ጎረቤት እያለ እንዲህ ያለውን ሣር ማጠጣት አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ዓይነት ነው።

ፍሬውም ታይቷል። ደቡብ ኔቫዳ በ2002 ከወንዙ 400 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ፈጅታ ነበር፤ በ2023 ግን ነዋሪዎቿ ከ700 ሺህ በላይ ጨምረው ሳለ ፍጆታዋ ከ240 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ሆኖም ሰው ከወንዙ ከሚጠቀመው ውኃ ሦስት አራተኛ ገደማው የሚውለው ለእርሻ ነው፤ ከዚያም ብዙው ለከብት መኖ ነው። ስለዚህ የአንዲት ከተማ ቁጠባ ብቻውን ወንዙን አያድነውም፤ ገበሬውም፣ ሥጋና ወተት ገዢውም የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።

4. ከዚህ የምንማረው

አንደኛ፣ ስንከፋፈል መለኪያችን ምኞታችን ሳይሆን ወንዙ በእርግጥ የሚሰጠው ይሁን። ሁለተኛ፣ «ስንት ተጠቀምኩ?» ብቻ ሳይሆን «ከተጠቀምኩበት ስንቱ ለሌላው ይመለሳል?» ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ መቀነስ ግድ ሲሆን ከጌጥ እንጀምር እንጂ ከድኻው እንስራ አንጀምር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ንጹሕ ውኃ ማግኘት የእያንዳንዱ ሰው መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። መብት ከሆነ ደግሞ፣ የአንዱ ጌጥ የሌላውን ጥም የሚቀድምበት ምክንያት የለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በሰፈራችን ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ውኃ የትኛው ነው? የማይመለሰውስ?
ለ) ከእኛ በታች ባለው መንደር ውኃ የሚቀዱት እነማን ናቸው? ስለ አጠቃቀማችን ጠይቀናቸው እናውቃለን?
ሐ) ውኃ ቢያንስብን መጀመሪያ የምንተወው ምንድን ነው? የመጨረሻውስ?