የአገው ቋንቋዎች ዝምድና

መግቢያ፦ ብዙ ነገሮችን በየወገናቸው ለይቶ የሚያቀርብ ድርሰት የምደባ ድርሰት ይባላል። ምደባ የሚጸናው መለያው ትክክለኛ ሲሆን ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ከደብረ ታቦር ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትጓዙ፣ በዋግ ኽምጣናን ትሰማላችሁ። ወደ ደቡብ ምዕራብ ዓባይን ብትሻገሩ፣ በአዊ አውኚ ይነገራል። በሰሜን ምዕራብ በጭልጋ አካባቢ ቅማንትኛ፣ በኤርትራም በከረን አካባቢ ብሊን አለ። በመካከል ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ግን አማርኛ ተናጋሪ ነው። እንዲህ የተራራቁት አራቱ ቋንቋዎች አንድ ቤተሰብ መሆናቸው በምን ታወቀ?

ጉርብትና ማስረጃ አይሆንም፤ ጎረቤታሞች ቃላት ይዋዋሳሉና። የእኛ «ዶሮ» በብሊን «ድርዋ» ይባላል፤ ሊቃውንት ቃሉ ከአገው ወደ አማርኛ እንደ ገባ ይናገራሉ። ሆኖም አማርኛ ከግዕዝና ከትግርኛ ጋር ከሴማዊ ወገን፣ የአገው ቋንቋዎችም ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር ከኩሻዊ ወገን ናቸው።

እውነተኛው መለያ ሥርዓት ያለው የድምፅ ለውጥ ነው። የግዕዝ «ኵሉ»፣ «ኮነ»፣ «ክልኤቱ» በአማርኛ «ሁሉ»፣ «ሆነ»፣ «ሁለት» ሆነዋል፤ «ከ» በ«ሀ» የተተካው በአንድ ቃል ብቻ አይደለም። በአገው ቋንቋዎችም እንዲሁ ነው። «ውሃ» በብሊን «ዓቍ»፣ በኽምጣና «አቍ»፣ በቅማንትኛ «አኍ»፣ በአውኚ ወደ «አጉ» የተጠጋ ነው። «ሁለት» የሚለው ቁጥርም በአራቱም በ«ለ» ድምፅ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ብሊን፣ ኽምጣናና ቅማንትኛ ሰሜናዊ፣ አውኚ ደግሞ ደቡባዊ ተብለው ተመድበዋል። ዴቪድ አፕልያርድም እ.ኤ.አ. በ2006 የአራቱን ቃላት የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት አሳትመዋል።

ኽምጣናና አውኚ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ቅማንትኛን አጥርተው የሚናገሩት ግን ጥቂት አዛውንት ናቸው። ከአራት ወንድማማቾች አንዱ ሳይጠየቅ ቢሞት፣ የቀሩት ስለ አባታቸው የሚሰጡት ምስክርነት ይጎድላል። ቋንቋም እንዲሁ ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ያልተቀበለው መለያ የትኛው ነው? ምክንያቱን ግለጹ።
2. በግዕዝ በ«ከ»፣ በአማርኛ በ«ሀ» የሚጀምር ሌላ ቃል ፈልጉ።
3. በአካባቢያችሁ የሚገኙትን የእህል ዓይነቶች በአንድ መለያ ብቻ መድባችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። መለያውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግለጹ፤ በመካከልም አትለውጡት።