ድኃ ሕሙማን የስፔሻሊስት ምክር በሩቅ ስለሚያገኙበት መንገድ

እንደሚታወቀው፤ ድኃ ሰው በታመመ ጊዜ የሚጎዳው በሕመሙ ብቻ አይደለም። ስለ ሕመሙ ልዩ ዕውቀት ያለውን ስፔሻሊስት ሐኪም እስኪያገኝ ድረስ በሚጠብቀው ጊዜም ይጎዳል። ወደ ሩቅ ሆስፒታል ሲሄድ የዕለት ደመወዙ ይቀርበታል፤ ለመጓጓዣም ይከፍላል። ይህን ሁሉ ችሎ ከደረሰ በኋላ፤ «የደም ምርመራ ስለሌለህ አስመርምረህ ተመለስ» ቢባል ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተደረጉት ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የተፈጸመው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የሳን ፍራንሲስኮ ጄኔራል ሆስፒታል፤ በጨጓራና በአንጀት ሕክምና ክፍሉ ሐኪሞች በኮምፒዩተር የሚጠያየቁበትን አሠራር ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ድኆችን የሚያክመው የሎስ አንጀለስ አውራጃ የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት «ኢኮንሰልት» የተባለውን ተመሳሳይ ሥራ አቋቋመ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በሰፈሩ ክሊኒክ ያለው ሐኪም ሕመምተኛውን ከመረመረ በኋላ ጥያቄውን ይጽፋል፤ የምርመራውን ውጤት፤ አስፈላጊ ሲሆንም ፎቶግራፍ አያይዞ ይልካል።

2ኛ፤ ስፔሻሊስቱ አንብቦ ምክሩን ይጽፋል፤ ወይም የጎደለው ምርመራ እንዲደረግ ያሳስባል፤ ወይም ሕመምተኛው ራሱ እንዲመጣ ያደርጋል። አስቸኳይ የሆነውንም ያስቀድማል።

3ኛ፤ መምጣት ካላስፈለገ፤ በምክሩ መሠረት ሕክምናውን የሚሰጠው ያው የመጀመሪያው ሐኪም ነው።

በሎስ አንጀለስ ሥራው በተጀመረ በ4 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ3,000 የሚበልጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች ይጠቀሙበት ጀመር። በየወሩ የሚቀርበውም ጥያቄ 12,082 ደረሰ። ግማሹ ያህል ጥያቄ በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ያገኝ ነበር፤ ከመቶው 25ቱ ሕመምተኛው ወደ ስፔሻሊስት ሳይሄድ ተፈጸመ። ስፔሻሊስት ዘንድ መቅረብ ለሚያስፈልጋቸውም የመጠበቂያው ጊዜ አጠረ። ስለዚህ ጥቅሙ እቤቱ ለቀረው ብቻ ሳይሆን፤ በወረፋ ለቆመውም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ፤ በእጅ ተዳሶ ወይም በመሣሪያ ታይቶ ካልሆነ በቀር የማይታወቅ ሕመም ስላለ፤ ጽሑፍ ሁሉን ሊተካ አይችልም። ጥያቄው በሚገባ ያልተጻፈ እንደ ሆነም መልሱ አይረባም። ደግሞም ለሚጽፈውና ለሚመልሰው ሐኪም በቂ የሥራ ሰዓት ካልተመደበ፤ ሸክሙ ከሕመምተኛው ትከሻ ወርዶ በሐኪሙ ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ በላይ፤ ጉዳዩ የሕመምተኛው ነውና ሊነገረው ይገባል። ስለ እርሱ ስፔሻሊስት እንደ ተጠየቀ፤ ምን ተብሎም እንደ ተመለሰ በሚገባው ቋንቋ ካልተገለጸለት፤ በድኅነቱ ምክንያት ከትልቁ ሐኪም የተከለከለ ይመስለዋል። በትክክል ከተገለጸለት ግን የታዘዘለትን መድኃኒት አምኖ ይወስዳል፤ ሕመሙ ቢብስበትም ሳይዘገይ ይመለሳል።