በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የአሮጌና የአዲስ ፓይተን ሥሪት ሳይደባለቅ ስለ ማኖር

ልባም ገበሬ ነጩን ጤፍና ቀዩን ጤፍ ለዘር ሲያስቀምጥ ለየብቻ ያኖራል፤ ከተደባለቀ በኋላ መለየት አይቻልምና። ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚያሠራ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

ኮምፒዩተር ከሚታዘዝባቸው ቋንቋዎች አንዱ ፓይተን ነው። ይህን ቋንቋ ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ የሆላንድ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. አወጣው። ኹለተኛው ሥሪት በ2000፥ ሦስተኛው ሥሪት በ2008 ወጣ። ነገር ግን ሦስተኛው ብዙ ነገር ስለ ለወጠ፥ በኹለተኛው የተጻፈው ሒሳብ ኹሉ በሦስተኛው አይሠራም።

ከልዩነታቸው የሚበዛው ቶሎ ይገለጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቁሞ ስሕተት መኖሩን ያስታውቃልና። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው፤ ይኸውም ማካፈል ነው። ሙሉ ቍጥር ለሙሉ ቍጥር ሲካፈል ኹለተኛው ሥሪት ክፍልፋዩን ይጥላል፤ ሦስተኛው ግን ይሰጣል። 7 ለ2 ሲካፈል በፊተኛው 3፥ በኋለኛው 3.5 ይኾናል።

ለምሳሌ 1500 ኩንታል ማዳበሪያ ለ1000 ገበሬ በእኩል ይታደል ቢባል፥ ኹለተኛው ሥሪት ለያንዳንዱ 1 ኩንታል፥ ሦስተኛው 1.5 ኩንታል ይደርሰዋል ይላል። ፊተኛውን ያመነ ሹም 500 ኩንታል በመጋዘን ያስቀራል፤ የዘር ጊዜም ያልፋል። ኾኖም አዲሱ ኹልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። ስንት ሙሉ ጆንያ እንደሚሞላ ለማወቅ፥ ክፍልፋዩ እንዲጣል ታስቦ የተጻፈ ሒሳብ በአዲሱ ሥሪት ሲሠራ ግማሽ ጆንያ ያወጣል። ስለዚህ ያንዱን ሥራ በሌላው ሥሪት ማሠራት አይገባም።

ሥርዓቱም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ እያንዳንዱ ሥሪት በራሱ ማኅደር ይጫን፤ ሲጠራም በቍጥሩ ይጠራ። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ የተገኘው ፓይተን አይነካ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራበታልና።

2ኛ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ክፍል ይበጅለት። ለዚህ ቬንቭ የሚባለው መሣሪያ ከ3.3 ሥሪት ጋራ በ2012 ወጥቷል፤ ለኹለተኛው ሥሪት ግን ቨርችዋልኤንቭ የሚባለው መሣሪያ አሮጌ ሥሪት ያገለግላል። ባንዱ ክፍል የተጫነ መሣሪያ የሌላውን ሥራ አያውክም። ክፍሉ የሚከተለው የተሠራበትን ሥሪት መኾኑ አይዘንጋ።

3ኛ፤ የሥሪቱ ቍጥርና የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከሒሳቡ ጋራ ተጽፎ ይቀመጥ።

4ኛ፤ አሮጌውን ሥራ ወደ አዲሱ ለማዛወር ሲታሰብ፥ አንዱ መዝገብ በኹለቱም ተሰልቶ ውጤቱ ይመሳከር። እስኪስማማ ድረስ አሮጌው አይጥፋ። ነገር ግን የኹለተኛው ሥሪት ጥገና ከጥር 2020 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ስለ ቀረ፥ ያለበት ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ቢለይ ይሻላል።

የድልድል መዝገብ የሚቀርብለት ሹም በየትኛው ሥሪት እንደ ተሰላ አስቀድሞ ይጠይቅ። ዳግመኛም ያንዱን ሰው ድርሻ በሰዎቹ ቍጥር አብዝቶ ከመጋዘኑ ልክ ጋራ ያስተያይ። 1 ኩንታል በ1000 ሲበዛ 1000 እንጂ 1500 አይኾንም። ይህን ለማወቅ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።