ተለዋዋጭ የት ይጻፋል?
(ሰርቨሮችን በአውቶማቲክ ዘዴ ስለማዘጋጀት የቀረበ አጭር ትምህርት)



አንድ ሰርቨር በእጅ ማዘጋጀት ይቻላል። ሃምሳ ሲሆን ግን እጅም ይደክማል፣ ዓይንም ይስታል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ አንሲብል ነው። ማይክል ዲሃን በ2012 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ2015 ሬድ ሃት ኩባንያውን ገዛ።

አንሲብል የሚሠራው ከጽሑፍ መመሪያ ነው። ከሰርቨር ሰርቨር የሚለያየውን ነገር፣ ለምሳሌ የፖርት ቁጥርን፣ በመመሪያው መሐል አንጽፍም፤ ስም እንሰጠውና ዋጋውን ለብቻው እናስቀምጣለን። ይህ ስም በአልጀብራ እንደምናውቀው ተለዋዋጭ ይባላል።

ታዲያ ዋጋው የት ይቀመጥ? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንሲብል ብዙ ቦታ ይፈቅዳል፤ የቅድሚያው ተራ በመመሪያ ሰነዱ 22 ደረጃ አለው። አንድ ስም ሁለት ቦታ ከተጻፈ ከፍ ያለው ደረጃ ያሸንፋል። የተሸነፈው ዝም ብሎ ይቀራል፤ “ተሳስተሃል” የሚል መልእክት የለም።

ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እነዚህ ናቸው፦

1. የሮል ዲፎልት። ሮል ለአንድ ተግባር የተሰናዳ የመመሪያ ጥቅል ነው። ዲፎልቱ ሌላ ካልተባለ የሚሠራው ዋጋ ነው።
2. የቡድን ፋይል። በመጀመሪያ የሁሉም ማሽኖች፣ ከዚያ የየቡድኑ። ንዑስ ቡድን የወላጁን ቡድን ይሽራል።
3. የአንድ ማሽን ፋይል።
4. በፕሌይቡኩ ውስጥ ለአንድ ፕሌይ የተጻፈ።
5. የሮሉ “ቫርስ” ፋይል።
6. ከትእዛዙ ጋር የሚተየብ። ይህ ሁሉንም ያሸንፋል።

ምሳሌ፦ የድረ ገጽ ሰርቨር ሮል በዲፎልት ፖርት 80 ይላል። የሙከራ ቡድን ፋይል 8080፣ ከቡድኑ የአንዱ ማሽን ፋይል ደግሞ 8081 ይላል። ውጤቱ? ያ ማሽን 8081፣ የቡድኑ ሌሎች 8080፣ የቀሩት 80 ይይዛሉ። አሁን አንድ ሰው 80ን በሮሉ “ቫርስ” ፋይል ጻፈ እንበል። ሁሉም ማሽኖች 80 ይሆናሉ! የማሽኑን ፋይል አሥር ጊዜ ብናርም ለውጥ የለም። ዲፎልትና ቫርስ በአንድ ሮል ውስጥ ጎረቤት ቢሆኑም ደረጃቸው እጅግ ይራራቃል።

ስለዚህ፦
ሀ. ሊለወጥ የሚችለውን በዲፎልት፣ ከሮሉ ተጠቃሚ ማንም እንዳይነካው የምንፈልገውን ብቻ በቫርስ እንጻፍ።
ለ. የጋራውን በቡድን ፋይል፣ ልዩ የሆነውን በማሽን ፋይል እናስቀምጥ።
ሐ. ከትእዛዝ ጋር መተየብ ለአንድ ጊዜ ሥራ ብቻ ይሁን። በፋይል ስለማይቀመጥ ነገ የሚረከበን ሰው አያገኘውም።
መ. የይለፍ ቃል በግልጽ አይጻፍ፤ ቮልት በተባለው የአንሲብል መሣሪያ ይመስጠር።
ሠ. አንድ ስም በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ ይገኝ። ጥርጣሬ ካለ ዲበግ በተባለው ሞጁል የመጨረሻውን ዋጋ አሳትሞ ማየት ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች
1. ለሁሉም ማሽኖች አንድ የሆነ የሰዓት ሰርቨር አድራሻ የት ይጻፋል?
2. ከላይ ባለው ምሳሌ 9090 ከትእዛዙ ጋር ቢተየብ እያንዳንዱ ማሽን ስንት ይይዛል? ለምን?
3. በቡድን ፋይል የለወጣችሁት ዋጋ አልሠራ ቢል በቅድሚያ የትኞቹን ቦታዎች ትመረምራላችሁ?