የተሽከርካሪ ፋብሪካና የአገር ጥቅም፦ የሞሮኮ ልምድና ለኢትዮጵያ የሚኖረው ትምህርት

መግቢያ

አንድ የውጭ ተሽከርካሪ አምራች በታዳጊ አገር ፋብሪካ ሲተክል ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በሦስት መለኪያዎች ይገለጻል፤ በፈሰሰው ካፒታል፣ በተፈጠረው የሥራ ዕድል እና ወደ ውጭ በተላከው ተሽከርካሪ ብዛት። እነዚህ መለኪያዎች ፋብሪካው መሥራቱን ያሳያሉ፤ ከእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ዋጋ ምን ያህሉ በአገር ውስጥ እንደሚቀር ግን አይናገሩም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የፋብሪካው ጥቅም ሊለካ የሚገባው በዚህ ቀሪ እሴት መሆኑ፣ የእሴቱም መጠን በአመዛኙ በተቀባዩ አገር ፖሊሲ የሚወሰን መሆኑ ነው።

የሞሮኮ ጉዞ

ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ1959 በካዛብላንካ ሶማካ የተባለውን የመገጣጠሚያ ድርጅት አቋቁማለች። ድርጅቱ ለበርካታ ዓመታት ያመርት የነበረው በዋናነት ለጠባቡ የአገር ውስጥ ገበያ ስለነበር ዘርፉ የተፈለገውን ያህል አልሰፋም። መሠረታዊው ለውጥ የመጣው የታንጀር ሜድ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ከጀመረና ሬኖ እ.ኤ.አ. በ2012 በታንጀር ፋብሪካውን ከከፈተ በኋላ ነው። ፔዦ ሲትሮይንም እ.ኤ.አ. በ2019 በኬኒትራ ተከተለ። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደረገው የንግድ ስምምነትና ለስፔን ያለው ቅርበት ሰፊ ገበያ አስገኙ። በውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የተሽከርካሪው ዘርፍ የወጪ ንግድ ገቢ ለረጅም ጊዜ ቀዳሚ የነበረውን ፎስፌት በለጠ።

ጥቅሙ በምን ይለካ?

የወጪ ንግድ ገቢ ግን ጠቅላላ መጠን ነው። ለአብነት ያህል በ10,000 ዶላር የሚሸጥ ተሽከርካሪ የ7,000 ዶላር ክፍሎች ከውጭ የሚገቡለት ከሆነ በአገር ውስጥ የተጨመረው እሴት 3,000 ዶላር ብቻ ነው። ከዚህም ላይ ወደ ባለቤቱ አገር የሚላከው ትርፍ ይቀነሳል፤ በግብር እፎይታ ምክንያት ያልተሰበሰበው ገቢም በወጪነት ሊታሰብ ይገባል።

ሞሮኮ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ሁለት እርምጃዎችን ወስዳለች። አንደኛው በመንግሥት ወጪ የዘርፉን የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት መገንባትና በአስተዳደራቸው አምራቾቹን ማሳተፍ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አቅራቢ ድርጅቶችን በአምራቹ ዙሪያ የሚያሰባስብ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ መተግበር ነው። በእነዚህ እርምጃዎች በአገር ውስጥ የሚመረቱ ክፍሎች ድርሻ ጨምሯል።

ይሁን እንጂ «የአገር ውስጥ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ መታየት አለበት። እንደ ያዛኪና ሌዮኒ ያሉ የኤሌክትሪክ ገመድ አምራቾች በሞሮኮ ምድር ቢሠሩም ባለቤትነታቸው የውጭ ነው። ስለዚህ የድርሻው ማደግ ሥራና ደመወዝ በአገር ውስጥ መስፋፋቱን ያመለክታል እንጂ ዕውቀቱ ወደ ሞሮኳውያን ድርጅቶች መሸጋገሩን በራሱ አያረጋግጥም። የአውስትራሊያ ታሪክም ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የመንግሥት ድጎማ ለዓመታት ቢሰጣቸውም ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቶዮታና ሆልደን ደግሞ በ2017 የማምረቻ ፋብሪካዎቻቸውን ዘግተዋል።

ለኢትዮጵያ የሚኖረው ትምህርት

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ በአቅራቢያዋም አውሮፓን የሚያህል የተሽከርካሪ ገበያ የለም። በመሆኑም የታንጀርን መንገድ እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ከሞሮኮ ልምድ መወሰድ ያለበት የማበረታቻው አቀራረጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውሳኔ መሠረት ሙሉ በሙሉ የተገጣጠሙ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች 15 በመቶ፣ በከፊል የተበታተኑት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ የተበታተኑት ደግሞ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆኑ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉም የመገጣጠም ሥራውን ተፈላጊነት ከፍ አድርጎታል።

ይህ የቀረጥ እርከን መገጣጠምን ያበረታታል፤ ክፍሎችን ማምረትን ግን በራሱ አያበረታታም። ከቀረጥ ነፃ በሆነ ጥቅል ውስጥ መቀመጫውም አብሮ የሚገባ ከሆነ ገጣጣሚው ከአገር ውስጥ አምራች መቀመጫ ቢገዛ የሚያገኘው የቀረጥ ብልጫ የለም። የመቀመጫው አምራች ለስፖንጅና ለጨርቅ ቀረጥ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ውድድሩን የሚጀምረው ወደ ኋላ ቀርቶ ነው።

ማጠቃለያ

የውጭ አምራቾች ፋብሪካ መትከል ለአገር ኢኮኖሚ ሊጠቅም ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከፋብሪካው ጋር አብሮ የሚመጣ ስጦታ አይደለም። የቀረጥ ነፃ መብት በጊዜ ቢገደብና በአገር ውስጥ ከሚጨመረው እሴት ጋር ደረጃ በደረጃ ቢያያዝ፣ የክፍል አምራቾች ግብዓትም ከገጣጣሚው ጋር እኩል ቢስተናገድ ትስስሩ ሊጠነክር ይችላል። ጅማሮውም የአውቶቡስ አካልን፣ መቀመጫንና የኤሌክትሪክ ገመድን በመሳሰሉ፣ እጅግ ሰፊ ገበያ በማይጠይቁ ክፍሎች ላይ ቢያተኩር ይመረጣል። ፋብሪካው አንድ ቀን ቢዘጋ እንኳ ሙያውና አቅራቢው ድርጅት በአገር ውስጥ ከቀሩ ኢንቨስትመንቱ ዘላቂ ጥቅም ሰጥቷል ማለት ይቻላል።